ፓነሉ ነፃ፣ ባትሪውስ?

እሱ፦ እዚህ አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ገበሬው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ሲገዛ ቀረጡም ዋጋው ውስጥ አለ። ለፀሐይ ኃይል መሣሪያ የቀረጥ ነፃ መብት ሲሰጥ ታዲያ መብቱ የትኛውን ዕቃ ይሸፍናል?

እሷ፦ ክርክሩ እዚያ ላይ ነው። በጉምሩክ ታሪፍ ፓነሉ በ85.41፣ ኢንቨርተሩ በ85.04፣ ባትሪው በ85.07 ይመደባል። ባትሪው ለብቻው ሲመጣ ለሌላ ሥራም ይውላል የሚል ጥያቄ ይነሳል።

እሱ፦ ዳኞችስ እንዴት ያዩታል?

እሷ፦ በብዙ አገር የተለመደው፣ ግብር መክፈል መርህ፣ ነፃ መሆን ልዩ ሁኔታ ስለሆነ ድንጋጌውን በጠባቡ መተርጎም ነው። በእኛም አገር ከጉምሩክ ቀረጥ ውጪ ባሉ ታክሶች ላይ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነው። ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ለማለት ከሚያከራክረው ታክስ 50 በመቶውን፣ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ 75 በመቶውን መክፈል አለበት።

እሱ፦ ይህማ ለትንሽ ነጋዴ የተዘጋ በር ነው! ወጪውም ዞሮ ዞሮ የአንኮበር ገበሬ ላይ ያርፋል።

እሷ፦ እውነትህን ነው። ደግሞም በጠባቡ መተርጎም ማለት የሕጉን ዓላማ መርሳት ማለት አይደለም፤ ፓምፑ ያለ ኢንቨርተር ካልሠራ ኢንቨርተሩ የፓምፑ አካል ነው። እኔ የምለው፣ መመሪያ አውጪው ክፍሎቹን አስቀድሞ በስም ይዘርዝር፤ አስመጪው ፍርድ ቤት ሳይንከራተት መብቱን ይወቅ።