የመጀመሪያው ቅብ



በአዋሽና ሚኤሶ መንገድ ላይ ካለችው ቦርደዴ የመጣ አንድ ወጣት፣ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቶ፣ በማግስቱ ነበር እኛ ጋ የደረሰው። እስከዚያ አንድም አንቲባዮቲክ አልተወጋም። አጥበን ብረት አስገባንለት፤ መገለና ብረቱን አወጣነው። ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ባክቴሪያ ብረት ላይ አንዴ ከተጣበቀ ባዮፊልም የሚባል መከለያ ይሠራል፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይደፍረውም። ጄንታማይሲን የተቀባ ወይም በብር የተለበጠ ብረት የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ያልታጠበ ቁስል አያጥብም፣ የባከነ ሰዓትም አይመልስም።

እስቲ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልኝ፦ ክፍት ስብራት ሲመጣ፣ ሪፈር ከመጻፋችሁ በፊት፣ ቢቻል በ1 ሰዓት ውስጥ መርፌውን ውጉ። የመጀመሪያው ቅብ እሱ ነው፤ ቦርደዴም ላይ ይገኛል።