የአሮጌ ላንድሮቨር እድሳትና የአንኮበር ቁልቁለት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደብረ ብርሃን ከተማ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ አሮጌ መኪና እድሳት ልናገር መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ «ለጉባኤ የሚቀርበው ስለ ድልድይ ወይም ስለ ፋብሪካ ነው እንጂ ስለ ላንድሮቨር ነውን?» ብለውኛል። እኔ ግን በዚህ መኪና የራሴንና የአጎቴን ነፍስ ለማጥፋት ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝና፣ ስሕተቴን ለሙያ ባልደረቦቼ መናገር ይገባኛል ብዬ አምኛለሁ።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በቁጥጥር ይታደል ስለ ነበር፣ ገላው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ሆኖ ቀረ። ዛሬ በየጓሮው ቆመው የምናያቸው ላንድሮቨሮች ገላቸው ደኅና መስሎ ሥራቸው የበሰበሰው ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበት ከገባ፣ በሁለቱ ማዕድኖች መካከል በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት አሉሚኒየሙ እየተበላ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። ስለዚህ አሮጌ ላንድሮቨር የሚገዛ ሰው በቀለሙ ሳይታለል፣ መዶሻ ይዞ ከሥሩ ይግባ እላለሁ።

አሮጌ መኪና የማደስ ፍላጎት በአገራችን እየበረታ መምጣቱ አያስደንቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን ማደስ የግድ ሆነ ማለት ነው። በውጭው ዓለም እድሳቱ የባለጸጎች መዝናኛ ጭምር ነው፤ የላንድሮቨር ፋብሪካ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰባኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ 150 አሮጌ ዲፌንደሮችን 405 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተርና በቆዳ ወንበር አሳምሮ ሸጧል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞተሩና ስለ ቆዳው ነው። ፋብሪካው በዚያው ሥራ ፍሬኑንና ሱስፔንሽኑን አብሮ ማሻሻሉን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔም በጊዜው አላነሣሁትም።

አጎቴ የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሲመላለሱ ኖረዋል። በሐራጅ የገዙት ላንድሮቨር የሦስተኛው ሲሪየስ፣ ረጅሙ ባለ 109 ኢንች ነበር። «እንደ ዘመኑ መኪና አድርግልኝ» አሉኝ። የቀድሞው 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር በአዲስነቱ ከ70 የፈረስ ጉልበት በጥቂት ቢበልጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ አየሩ ሥሥ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ስለዚህ በቦታው 110 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለውን ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ዲዝል ገጠምሁ። የኃይል መሪ፣ የቆዳ ወንበር፣ የድምፅ መከላከያ ምንጣፍና ከፊት ከባድ የብረት መከላከያ ጨመርሁ። ለአዲስ አበባው አስፋልት እንዲመችም የትራንስፈር ሳጥኑን የማርሽ ምጣኔ አስረዘምሁ። ፍሬኑን በአዲስ ሸራ ለወጥሁና «ይበቃል» አልሁ። አራቱም ጎማ ላይ ያለው የጥንቱ ታምቡር ነበር።

(ስለ ቆዳው ወንበር በቅንፍ አንድ ነገር ልበል። በደብረ ብርሃን ጥዋት በቆዳ ላይ መቀመጥ በበረዶ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። አጎቴ በሁለተኛው ቀን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አምጥተው አለበሱት። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ቆዳ እስከ ዛሬ አልታየም።)

ከዚያም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ወረድን። የምነዳው እኔ ነበርሁ። መኪናው ዝም ያለ፣ መሪውም በአንድ ጣት የሚዞር ስለ ሆነ፣ በሦስተኛ ማርሽ ለቀቅሁት። ከጥቂት መታጠፊያዎች በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ በሁለት እግሬ ብረግጠውም መኪናው አልቀዘቀዘም። ፔዳሉ ለስልሶ ቢሰምጥ ዘይቱ ፈልቷል ይባል ነበር፤ ጠጥሮ አልይዝ ሲል ግን የጋለው ሸራ ነው። ማርሹን በግድ ወደ ሁለተኛ መልሼ፣ ጎኑን ከተራራው ግድግዳ ጋር እያፋተግሁ አቆምሁት። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ወንበሩስ መልካም ነው፤ ማቆሚያው ወዴት አለ?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ሳልሠራው የቀረሁትን ስሌት ሠራሁ። ለስሌት እንዲመች ቁልቁለቱን 1,000 ሜትር እንበለው። ከነጭነቱ 2,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 22 ሚሊዮን ተኩል ጁል ያህል ኃይል ይለቃል። ይህም 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ 300 ኪሎው እኔ በምቾት ስም የጨመርሁት ክብደት ነው። ቀድሞ የዚህን ኃይል ብዙውን ክፍል የሚውጠው በዝቅተኛ ማርሽ የሚያጓራው ሞተር ነበር፤ እኔ ግን የማርሹን ምጣኔ ባስረዘምሁ ጊዜ ሞተሩ መኪናውን የሚገታበትን ኃይል ቀነስሁበት። ጩኸቱንም አፍኜ ነበርና፣ ነጂውን ስለ ፍጥነቱ የሚያስጠነቅቀው ምልክት አብሮ ጠፋ።

ሌላም ነገር አለ። ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባት ዐሥረኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ የሰርቮው እገዛም በዚያው ልክ ያንሳል። ቱርቦው የሞተሩን ጉልበት መለሰልን፤ ለፍሬኑ ግን ቱርቦ የለውም። በተጨማሪም የቤንዚን ሞተር በዲዝል ሲለወጥ፣ ቫኪዩሙን የሚሰጥ ፖምፓ መኖሩን ሳያረጋግጥ መኪና ከጋራዥ የሚያስወጣ ሰው አለ። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው ከሥራ አስቁሙት።

መኪናውን እንደገና ፈታሁት። ከፊት ለዚሁ አክስል የተዘጋጀ ዲስክ ፍሬን አስመጣሁ፤ የላንድሮቨር ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ባለ 110 ኢንች መኪና ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሰፋ ያለ ሰርቮና ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይት ጨመርሁ፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥም በበሩ ላይ ጻፍሁ። የማርሹን ምጣኔ ወደ ጥንቱ መለስሁት። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ይጮኻል፤ ይጩኽ። የፊቱን የብረት መከላከያ አውልቄ በጓሮ ጣልሁት።

አጎቴ የጠየቁኝ የአየር ማቀዝቀዣ ግን እስካሁን አልተገጠመም። ለደብረ ብርሃን ብርድ መጨመር ቢሆንም፣ ለቆላው ገበያ ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከራቸውም። ባለፈው ሳምንት «መቼ ነው?» ብለው ደወሉልኝ። ክብደቱን መዝኜ፣ የኋላውን ታምቡር ሙቀት በዚያው ቁልቁለት ከለካሁ በኋላ ነው አልኋቸው። «እንግዲያውስ ስትለካ እኔ በእግሬ እወርዳለሁ» አሉኝ።