የፈቃድ ዋጋ በሌክሲንግተን



በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ በሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1935 ለሱሰኞች የተሠራ፣ እስር ቤትም ሆስፒታልም የሆነ ተቋም ተከፈተ። የምርምር ክፍሉ ሞርፊን በለመዱ እስረኞች ላይ አዳዲስ መድኃኒቶችን ይፈትን ነበር፤ ሞርፊኑ ሲቋረጥባቸው የሚያልባቸው ላብ፣ ማዛጋታቸውና የዓይናቸው ብሌን መስፋት በነጥብ ይመዘገብ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜታዶን ይህን ሥቃይ እንደሚያስታግሥ የታየው በዚሁ ስፍራ ነው። ቡፕሬኖርፊን ለሱስ ሕክምና እንደሚበጅ ያመለከተው፣ በ1978 የታተመው ጥናትም የዚያው ቤት ፍሬ ነው።

እስረኞቹ በእርግጥ ፈቃደኞች ነበሩ። ይሁን እንጂ በቀደሙት ዓመታት ለተሳትፏቸው ከሚከፈላቸው ዋጋ አንዱ የእስራት ቅነሳ፣ ሌላው ራሱ ሞርፊኑ ነበር። ለተራበ ሰው እንጀራ እያሳዩ «ትስማማለህን?» ማለት ፈቃድ መጠየቅ ይባላልን? በ1975 ጉዳዩ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረመረ፤ በ1976 በእስረኞቹ ላይ የሚደረገው ሙከራ ቆመ።

መድኃኒቶቹ ግን ብዙዎችን ከሞት አድነዋል፤ በ2005 የዓለም የጤና ድርጅት ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ዛሬም እንዲህ ያለው ሙከራ ያለ ሱሰኛ አይሆንም። ስለዚህ ተመራማሪው ፊርማ ከመቀበሉ በፊት የበሽተኛውን የዓይን ብሌን ሊመለከት ይገባዋል፤ ከሰፋ፣ ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይሁን።