የአያቴ ሦስት ፖስት ካርዶች
(ዓርብ ዕለት መላዝ ላይ ስንሰበሰብ የተናገርኩት)

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ደመወዝም ስለ ኢቃማም አላወራም። እነዚህን ታዩዋቸዋላችሁ? ሦስት አሮጌ ፖስት ካርዶች ናቸው። አያቴ ስታርፍ ከሳጥኗ ሥር ተገኙ። እናቴ በፌስታል ጠቅልላ ከበርበሬው ጋር ላከችልኝ፤ እሷ ማንበብ አትችልም።

እናቴ ወልድያ ነው ያደገችው። አባቷ ለሥራ አስመራ ሄዶ በዚያው ቀረ። «በረሃቡ ጊዜ ጥሎን ጠፋ» እየተባለች አደገች። አያቴ ሌላ ባል አግብታ ስለነበር ነገሩን አንስታ አታውቅም።

እኔም ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ እያወጣሁ አየኋቸው። አንደኛው ካርድ ቀን የለውም። አድራሻው ግን «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» ይላል፣ ቴምብሩ ላይም ጃንሆይ አሉ። ጃንሆይ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተላከ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ግራ አጋባኝ። በእጁ «ሚያዝያ 1966» ብሎ ጽፏል፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግን 1974 ይላል። ለካ ማኅተሙ በፈረንጅ ነው! እናንተም እንዲህ ያለ ካገኛችሁ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ቀንሱ። እንግዲህ የወሎ ረሃብ ጊዜ ነው። ምን ይላል መሰላችሁ? «እህል እንዴት ነው? ልጄ መራመድ ጀመረች ወይ? ሳሚልኝ።»

ሦስተኛው ኅዳር 1968 ነው። «ጠቅላይ ግዛት» ቀርቶ «ክፍለ ሀገር» ሆኗል። ያኔ አስመራ ዙሪያ ውጊያ ነበር። «መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የለም።

ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ «እንደገና በይው» አለችኝ። አራት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ «አልረሳኝም ነበር ለካ» አለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኮ ጥሎኛል ብላ ነው የኖረችው!

እኔም ልጄን ለእናቴ ትቼ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ ናችሁ። በየቀኑ ድምፅ እንልካለን፤ ስልኩ ሲሰበር ግን ድምፁም አብሮ ይጠፋል። በ2006 ወገኖቻችን ከዚህ አገር በገፍ ሲባረሩ ስንቱ ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ ሄደ። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም የእናት አባታችን ያልሆነም አለን። ነገ ልጆቻችን በምን ይፈልጉናል?

ስለዚህ አገር የሚገባ ሰው ስታገኙ አንድ ወረቀት ላኩ። እውነተኛ ስማችሁን እስከ አያት ጻፉ። ያላችሁበትን ሰፈር ጻፉ። ቀኑን ስትጽፉ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ለዩት። መጻፍ የማትችሉ ዓርብ ዓርብ እኔ እጽፍላችኋለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ለልጄ ልኬያለሁ። «ሳሚልኝ» ብዬ።