መዝገቡ በማን እጅ ነው?
(ለኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች ስብሰባ በመምህራን ስም የቀረበ ንግግር)

የጠራናችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ የኔትዎርኩ አጠቃቀም ለደኅንነት ሲባል እንደሚመዘገብ፣ መዝገቡንም ሌላ ድርጅት እንደሚሰበስበው የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በማግስቱ ከማታ ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ቀሩ። አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው አስወጡትና «ከአገራችን ያስወጣን መዝገብ አይደለም ወይ?» አሉን። ያን ዕለት መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ግን አንብበናል፣ ጠይቀናል። ያወቅነውን ዛሬ እንነግራችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሎግ ማለት ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በጤና ጣቢያው በር የሚቆመውን ዘበኛ አስቡት። ማን ገባ፣ ከየት መጣ፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ሰዓት ወጣ ብሎ በደብተሩ ይጽፋል። ለሐኪሙ የነገራችሁትን ግን አይሰማም፣ አይጽፍምም። የኮምፒዩተር ኔትዎርክም እንዲሁ ነው። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር፣ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸው ፋየርዎል፣ የይለፍ ቃል የሚቀበለው ሰርቨር እያንዳንዳቸው የራሳቸው የበር ደብተር አላቸው። ሎግ የምንለው ይህንን ነው።

ችግሩ እነዚህ መሣሪያዎች የአንድ ፋብሪካ ሥራ አለመሆናቸው ነው። እያንዳንዱ በራሱ አጻጻፍ ይጽፋል። በአንዱ ደብተር ላይ ሌሊት አንድ ሰው የይለፍ ቃል ሁለት መቶ ጊዜ ሞክሮ በመጨረሻ እንደ ገባ ተጽፏል እንበል። በሌላው ደብተር ላይ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብዙ ፋይል ወደ ውጭ እንደ ወጣ ተጽፏል። ሁለቱ ለየብቻ ሲታዩ ምንም ላይመስሉ ይችላሉ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሌባው ይታያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የደኅንነት ባለሙያዎች የልዩ ልዩ አምራቾችን መሣሪያዎች መዝገብ ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባሉ። ለዚህ የሚያገለግለውን ሲስሎግ የተባለውን ዘዴ በ1980ዎቹ የጀመረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ኦልማን ነው። ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

ማሰባሰቡ ግን ሁለት ትልልቅ ጣጣዎች አሉበት። አንደኛው ሰዓት ነው። ይህን ከእኛ የበለጠ የሚረዳው የለም። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል የክሊኒኩ ሠራተኛ ስምንት ሰዓት ይላል፤ በዚህ የተነሣ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው በመካከላችን አይጠፋም። በዓመተ ምሕረትም ከሌላው ዓለም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንለያያለን። መሣሪያዎቹም ሰዓታቸው ካልተስተካከለ የትኛው ነገር ቀድሞ የትኛው እንደ ተከተለ አይታወቅም። የቀድሞው የሲስሎግ አጻጻፍ ወርን፣ ቀንንና ሰዓትን እንጂ ዓመተ ምሕረትን እንኳ አይጽፍም ነበር። በ2009 የወጣው ደንብ ነው ዓመቱንና የሰዓቱን ቀጣና ያስገባው።

ሁለተኛው ጣጣ መላኪያው ነው። የቀድሞው አላላክ ያለ ደረሰኝ ነው። በመንገደኛ እጅ እንደምንልከው ደብዳቤ፣ ይድረስ አይድረስ ላኪው አያውቅም፤ በመንገድ ላይም ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። አሁን በምስጢር ጽሑፍ ሸፍኖ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚያስተካክለው ሰው ካልኖረ በራሱ አይሆንም።

ታዲያ መዝገቡ ለምን ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል? ሌባ ቤት ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚቀደው የዘበኛውን ደብተር ስለ ሆነ ነው። በ1986 በአሜሪካ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ፣ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ በኮምፒዩተር አገልግሎት ሒሳብ ላይ 75 ሳንቲም ጎድሎ አገኘ። ሌላው ሰው ንቆ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ተከታተለው። በመገናኛ መስመሮቹ ላይ የወረቀት ማተሚያዎች አሰለፈና ሰርጎ ገቡ የሚጽፈው ሁሉ እንዲታተም አደረገ። ሰርጎ ገቡ የኮምፒዩተሩን መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል፤ የታተመውን ወረቀት ግን ከሩቅ ሆኖ መቅደድ አይችልም። የሰውየውን አድራሻ ያገኙት ግን በዚህ ወረቀት ብቻ አይደለም። የስልክ መሥሪያ ቤቶችና የመረጃ መስመር ኩባንያዎችም በየራሳቸው መስመር ተከታትለው ነው እስከ ጀርመን፣ እስከ ሃኖቨር ከተማ የደረሱት። የአንድ ቤት መዝገብ ብቻውን እዚያ አያደርስም ነበር።

ይህ የሩቅ ታሪክ ከመሰላችሁ የእኛኑ እንንገራችሁ። ከመካከላችን በቀይ መስቀል መልእክት የጠፋ ወንድሙን ወይም እናቱን ያፈላለገ ስንቱ ነው? በጥር ወር 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ መግባቱን አስታወቀ። የጠፉ ሰዎች፣ የሚፈልጓቸው ቤተ ሰቦች፣ እስረኞች፤ ስማቸው፣ ያሉበት ቦታና አድራሻቸው ነበረበት። መረጃውን ያሰባሰቡት ቢያንስ 60 የሚሆኑ የየአገሩ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ናቸው። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ከሌላ አምራች የተገዛ አንድ ፕሮግራም የነበረበት ቀዳዳ በጊዜው ስላልተደፈነ ነው። የገቡት ኅዳር 9 ቀን 2021፣ መግባታቸው የተረጋገጠው ጥር 18 ቀን 2022 ነው፤ ሰባ ቀን ማለት ነው። የያዟቸው ፋይሎች አብዛኞቹ በዚያ የነበረውን የቫይረስ መከላከያ እንዲያልፉ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። የተደረሰባቸው ኮሚቴው በየሰርቨሩ የሚሆነውን ነገር በቅርብ የሚከታተል አዲስ ፕሮግራም ሲያስገባ ነው። እንግዲህ ክትትል ባይጨመር ኖሮ ሰባው ቀን ስንት ይሆን ነበር? ስለዚህ ለዚያች እናት የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፤ መዝገቡ የእርስዎንም ስም ሊጠብቅ ይችላል።

ግን ንግግራችንን እዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን እንደ ደበቅናችሁ ይቆጠራል። ዘበኛው የሕመማችሁን ዓይነት አይጽፍም ብለናል። ነገር ግን አንድ ሰው በየሳምንቱ በሳንባ ነቀርሳ ክፍል በር እንደሚገባ ደብተሩን የሚያነብ ሰው ይገምታል። ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ የሚለው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ሪፖርት በዚያን ጊዜ የአገራችን የጸጥታ ሠራተኞች የስልክ ጥሪ መዝገብን ያለ ገደብ ያገኙ እንደ ነበርና በምርመራ ላይ ከውጭ አገር የተደወለላቸውን ሰዎች ያፋጥጡበት እንደ ነበር ገልጿል። የፈራችው እናት ከሜዳ ተነሥታ አልፈራችም። ያው መዝገብ ሌባ ይይዛል፤ በሌላ እጅ ከገባ ደግሞ ንጹሑን ይይዛል።

ስለዚህ መዝገብ ይቅር አላልንም፤ እንዲሁ ይሁን ብለንም አልተቀመጥንም። ለጽሕፈት ቤቱ አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርበናል። ምን ምን ይመዘገባል? ማን ያነበዋል፣ በየትኛውስ አገር ይቀመጣል? ከስንት ጊዜ በኋላ ይጠፋል? ከደኅንነት ሌላ ለምንም ነገር፣ በተለይም ለራሽን ወይም ለጉዳያችን ውሳኔ አይውልም ወይ? ስሕተት ቢገኝ አቤቱታው ለማን ነው? ይህ ልመና አይደለም። የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ከ2019 ጀምሮ መረጃው የሚሰበሰብበት ሰው ስለ ዓላማው የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም ከ2015 ጀምሮ በዚህ ጉዳይ የራሱ መመሪያ አለው።

እስከ ዛሬ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አግኝተናል። የሚመዘገበው የገቡበት ሰዓት፣ የማሽኑ ቁጥርና የተጎበኘው አድራሻ እንጂ የደብዳቤው ቃል እንዳልሆነ፣ ከዘጠና ቀን በኋላም እንደሚጠፋ ተነግሮናል። ሦስቱን እንጠብቃለን፤ እንከታተላለንም።

በዚህ መካከል በእጃችን ያለውን አድርገናል። ተማሪው ወደ ማሽኑ የሚገባው በስሙ ሳይሆን በተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩንና ስሙን የሚያገናኘው ደብተር በክፍሉ ሣጥን ተቆልፎ በእኛ ዘንድ ይቀመጣል፤ ችግር ቢፈጠር የሚከፈተው ከወላጆች የተመረጡ ሁለት ሰዎች ባሉበት ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች ዛሬ ትመርጣላችሁ።

ልጆቻችሁን መልሱልን። በሩ ነገም በተለመደው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ይከፈታል።