የመስታወቱ ገንዳና የፍሳሽ ማጣሪያው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ሥራዬ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ያዘጋጀሁት ጽሑፍ በእጄ ነበረ። ይሁን እንጂ እርሱን ትቼ፣ በሳሎኔ ጥግ ስለተቀመጠ አንድ የዓሣ ገንዳ ለመናገር መርጫለሁ። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ በሙያዬ ለዓመታት በወረቀት ላይ ሳሰላው የኖርሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት በዚያ ገንዳ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ያየሁትም በገዛ ጥፋቴ ነው።

ገንዳው ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል። የገዛሁት ልጄ ስድስት ዓመት በሞላት ዕለት ነበር። ክብደቱን አስልቼ ጠረጴዛውን በብረት አጠናከርሁ፤ የታጠበ አሸዋ አነጠፍሁ፤ ጥቂት የውሃ ውስጥ ተክሎችም ተከልሁ። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቅቀው ሁለት ቀን በባልዲ አሳደርሁት። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ አሥራ ሁለት ዓሦች በአንድ ቀን ጨመርሁበት።

በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ፊት እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱና ይገጥሙ ጀመር። ውሃው ግን እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። በአሥረኛው ቀን በሕይወት የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ልጄ የሞቱትን ከጓሮ ስትቀብር፣ «አባዬ፣ ውሃው ንጹሕ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያውን አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ ድረስ ግን ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የውሃውም ጠባይ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ቢሆን፣ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ግን ወደ አምስት እጅ ይጠጋል። እኔ ይህንኑ ሂደት ናይትሪፊኬሽን እያልሁ በንድፍ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። አዲስ የማጣሪያ ጣቢያ በተመረቀበት ዕለት ሙሉ ፍሳሽ ይለቀቅበት የሚል ባልደረባ ቢገጥመኝ በጉባኤ ፊት እሟገተው ነበር። በቤቴ ግን ያንኑ አደረግሁ።

ሁለተኛው ችግር አልጌ ነበር። መብራቱን በቀን አሥር ሰዓት አበራ ስለነበር መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ወደ ስድስት ሰዓት ዝቅ ሳደርገውና ፈጥነው የሚያድጉ ተክሎች ስጨምር ቀስ በቀስ ለቀቀ።

ሦስተኛው ግን እንቅልፍ የነሣኝ ነው። አንድ ሌሊት የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠና ማጣሪያው ቆመ። በሌሊት ተክሎችም እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ከዚህም በላይ መጻሕፍቱ በአብዛኛው የሚናገሩት በባሕር ወለል አጠገብ ስላለ ውሃ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት በዚያ ያለ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ በሚያህልበት በአዲስ አበባ ግን ከ6.2 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በኩባያ ውሃ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ሳፈስስ ቆየሁ። ልጄም ነቅታ ሻማ ያዘችልኝ። ንጋት ላይ ኃይሉ ሲመለስ ሌላ ጥፋት ልሠራ ነበር፤ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ለሰዓታት የቆመ ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ ይበላሻልና፣ ሳይታጠብ ቢነሣ ያንን ሁሉ ወደ ገንዳው ይረጨው ነበር።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ገንዳውን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 ዓሣን ከቫሊስኔሪያ ተክልና የበሰበሰውን ቅጠል ከሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጋር በአንድ ዕቃ አኑሮ ሚዛኑ እንዴት እንደሚጠበቅ አስረድቷል። አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ብዙዎቹ የውሃ ተክሎች ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን አስቀድመው እንደሚወስዱ አብራርታለች። እኔም ከታች ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር፣ ከላዩም ጠጠር አድርጌ ተክሉን አበዛሁ፤ ዓሣውን አሳነስሁ። (የሚገረዘውን ተክል ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ቦይ አልጥልም፤ እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለንና።)

ስድስት ሳምንት ባዶውን ቆየ። ልጄ ዓሣ የሌለበት ገንዳ ምን ያደርጋል እያለች ትቆጣ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከቅጠሎቹ ጫፍ ጥቃቅን የኦክስጅን አረፋዎች በሰልፍ ሲወጡ አይታ ጠራችኝ። ሁለታችንም እራት እስኪቀርብ ከዚያው አልተነሣንም። ከዚህ በኋላ ሦስቱን አሮጌዎች መለስን፤ ቆይተንም አራት ጋፒዎች ጨመርን። ጋፒዎቹም በተክሉ መካከል ወልደዋል፤ ቁጥራቸውን የምትይዘው ልጄ ናት።

ባለፈው ወር ኃይል እንደገና ሌሊቱን ሙሉ ተቋርጦ ነበር። ይህንን ያወቅነው የግድግዳው ሰዓት ቆሞ ባገኘነው ጊዜ ነው፤ ዓሦቹ ሰባት ሰዓት ያህል ያለ ማጣሪያ አድረው ቁርሳቸውን ይጠባበቁ ነበር።