ቅዳሜ ማታና ዕድሜያችን
(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለመርካቶ ሰው ቅዳሜ ዋናው የገበያ ቀን ነው። የኛ ማታ የሚጀምረው በርበሬ ተራም ሆነ ሸራ ተራ ሱቅ ተቆልፎ፣ ሒሳብ ተዘግቶ ነው።

በሃያ ዓመታችን ያ ሁሉ ድካም እያለ እግራችን ወደ ጭፈራ ነበር የሚሮጠው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅም ጨዋታው አልቀረም፤ በሩ ይዘጋና እንደጨፈርን ይነጋል። በአርባ ዓመታችን ቅዳሜ ማታ የልጆች ገላ ማጠቢያና የዕቁብ ሒሳብ ሆነ። ዛሬ በጊዜ እንተኛለን፤ ራጉኤል የሚያስቀድሰውም፣ አንዋር መስጊድ ለሱብሂ የሚሄደውም በሌሊት ይነሣል።

ይህ ደግ ነው። የሚከፋው ልጅ ወጥቶ፣ ጓደኛ ሞቶ፣ ማንም ሳያንኳኳ የሚመሸው ቅዳሜ ነው። እንዲህ የሚያመሹ አዛውንት በየግቢያችን አሉ። ለቀብሩ ዕድር አለን፤ ለቁሙስ?

እናንተ ወጣቶች፣ ወደ ጨዋታችሁ ስትወጡ አንድ በር አንኳኩ፤ «እንዴት አመሹ እማማ፣ እንዴት አመሹ አባባ» በሉ። እኛም «የዛሬ ልጅ!» እያልን አንራገም፤ ያንን ሌሊት እኛም ጨፍረንበታል።